ምድር አትሸሽም
ከጊዜያቸው ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ረጋ ያለ ጉዞ ለሚያስቡ ቤተሰቦች

የዐስር ሰላት አብቅቶ ሰው ከፒያሳው ኑር መስጂድ፣ ብዙዎቻችን «በኒ መስጂድ» ከምንለው፣ ሲወጣ በደጃፉ ቆመው የሚጨዋወቱ አባቶች አይጠፉም። ወሬያቸው አብዛኛውን ጊዜ የኑሮ ውድነት፣ የልጆች ትምህርትና የጤና ጉዳይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን አጎቴ እዚያው ደጃፍ ላይ ያነሡት ወሬ ከዚህ የተለየ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው በ2015 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው ነበርና፣ ጓደኞቻቸው «እንግዲህ ምን ልትሠራ አሰብክ?» ሲሏቸው፣ «ሱቅ አልከፍትም፤ ከባለቤቴ ጋር ሆኜ የሙስሊሙን ዓለም በእርጋታ ማየት እፈልጋለሁ። ካይሮ ሦስት ወር፣ ኢስታንቡል ሦስት ወር፣ ከዚያ ወደ ማሌዥያ» አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ «ማሻ አላህ» አለ። አንድ ሸምገል ያሉ አባት ግን ሳይስቁም ሳያደንቁም፣ «እናትህስ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያች አጭር ጥያቄ የተነሣ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዘመን በሌላው ዓለም ከሥራ ገበታ ቀደም ብለው ተሰናብተው፣ በአንድ አገር ወርና ሁለት ወር እየተቀመጡ የሚዘዋወሩ ሰዎች በዝተዋል። የእኛም ወጣቶች ይህን እየሰሙና እያዩ «እኛስ?» ማለት ጀምረዋል። ነገሩ ለሙስሊም ቤተሰብ ይፈቀዳልን? ይቻላልን? ቢቻልስ በምን አደብ? እስቲ አብረን እንመልከተው።

አራዳን የሠሩት መንገደኞች

በመጀመሪያ ነገር፣ አጎቴ የተወለዱበት ሰፈር ራሱ በመንገደኞች የተሠራ ነው። የጥንቱ አራዳ ገበያ በጊዮርጊስ አካባቢ በሚቆምበት ዘመን፣ ጣልያን መጥቶ ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወሩ በፊት፣ በዚያ የሚነግዱት ከየአውራጃው የመጡ ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም። የመናውያን፣ ሕንዳውያን፣ አርመኖችና ግሪኮች ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋል። ከሕንድ የመጡት ሙሐመድ አሊና ወንድሞቻቸው ያቋቋሙት የንግድ ድርጅት በአራዳ ትልቅ ስም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የጣልያን መንግሥት ዘግቶ እስኪያባርራቸው ድረስ። «የዐረብ ሱቅ» የሚለው ስም ደግሞ በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቆይቷል።

እነዚህ ሰዎች ከተማችንን በአውቶቡስ መስኮት አይተው የሄዱ ጎብኚዎች አልነበሩም። ቋንቋችንን ተምረው፣ በችግራችንና በደስታችን ተካፍለው የተቀመጡ እንግዶች ነበሩ። አራዳ ለልጆቿ ያስተማረችው ትልቅ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ አገርን የሚያውቅ ሰው ረግጦ ያለፈ ሳይሆን ተቀምጦ የኖረ ነው።

አጎቴ ያደጉበት ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሶ፣ ነዋሪው ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። የአጎቴም ቤተሰብ ከሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አያቴን ይዘው ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሲያስቡት የነበረው ጉዞ ገና ሳይጀመር፣ ያላሰቡት ጉዞ ቀደማቸው ማለት ነው።

ረጋ ያለ ጉዞ ለእኛ አዲስ አይደለም

አንዳንድ ወገኖች «ይህ የነጮች ልማድ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። በጉዞ ረጋ ብሎ፣ በሰው አገር ተቀምጦ መኖር በእስልምና ታሪክ የጀመረው በእኛው ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦች መጠጊያ ፈልገው ቢመጡም ኑሯቸው የወራት አልነበረም። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና (ረ.ዐ.) አብረዋቸው የነበሩት ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰው አገር ሕግ አክብረው፣ ሃይማኖታቸውን ሳይሸሽጉ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ ኖረዋል። የእንግድነት አደብ መማር የሚፈልግ ሰው ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ የለውም።

ከዚያ በኋላም ከእኛ አገር ወደ ውጭ የሚወጣው ሙስሊም ጉዞው ረጅም ነበር። በመርከብና በእግር ሐጅ ለማድረግ የሚነሣ ሰው በምጽዋ ወይም በዘይላዕ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ መካ ደርሶ፣ ዓመትና ሁለት ዓመት ተቀምጦ ዒልም ቀስሞ ይመለስ ነበር። ከወሎ ዑለሞች መካከል ሙፍቲ ዳውድ በየመን ዘቢድ ተምረው መመለሳቸው ይታወቃል። በካይሮው አል-አዝሀርም «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል፣ ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሳዎች ማደሪያና መማሪያ የሆነ ክፍል ነበር። የግብጽ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከዚያ ሪዋቅ ከገቡት የሐበሻ ሙስሊሞች ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊም ከአገራቸው ለሚሄዱ ሑጃጆች በመካ ማረፊያ ቤት አዘጋጅተው ነበር። ማረፊያ የሚዘጋጀው ለሚያልፍ ሳይሆን ለሚቆይ እንግዳ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ጉዞውን ያፋጠነው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አያቶቻችን በወራት የሚደርሱበት ከተማ በሰዓታት የሚደረስበት ሆነ። ይህ የአላህ ጸጋ ነው። ነገር ግን መንገዱ ሲያጥር ቆይታውም አብሮ አጠረ። ዛሬ ዑምራ አድርጎ በአሥር ቀን የተመለሰ ሰው ስለ መካ ምን አየህ ቢባል ስለ ሆቴሉና ስለ ገበያው ከማውራት በቀር ብዙም የሚለው የለውም።

በዓለም ደረጃ የታወቀውን መንገደኛ ኢብን በጡጣን ደግሞ እናስታውስ። ከትውልድ ከተማው ከጣንጂር ሲነሣ እ.ኤ.አ. 1325 ነበር፤ ዕድሜው 21። ሐሳቡ ሐጅ ማድረግ ነበር። ነገር ግን ወደ አገሩ የተመለሰው በ1349፣ ከ24 ዓመት በኋላ ነው። በመንገዱ የእኛን ጎረቤት ዘይላዕን አይቶ፣ ከዓሣና ከታረደ ግመል የተነሣ ሽታዋ ስላስቸገረው መርከብ ላይ ማደርን መርጧል። በሕንድ ዴልሂና በማልዲቭ ደሴቶች ቃዲ ሆኖ ሠርቷል። እንግዲህ ከሥራ ተለይቶ ሳይሆን እየሠራ የኖረ መንገደኛ ነው።

ከዚህ ታላቅ ሰው ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር ክፍል አለ። አባቱ መሞታቸውን የሰማው ከሞቱ ከ15 ዓመት በኋላ ደማስቆ ላይ ነው። ወደ ቤቱ ሲቃረብ ደግሞ እናቱ በዚያ ዘመን በነበረው ወረርሽኝ መሞታቸውን ሰማ። ዓለምን ሁሉ አይቶ ሲመለስ እናቱን ሳያያቸው ቀረ። ያ ሽማግሌ በመስጂዱ ደጃፍ «እናትህስ?» ሲሉ ይህን ታሪክ ያወቁ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

የጡረታው ሒሳብ

አሁን ወደ ኪስ ጉዳይ እንግባ። በ2003 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች ቁጥር 714 እና 715 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ተደንግጎ ነበር። መደበኛው የመጦሪያ ዕድሜ 60 ዓመት ሆኖ፣ ረጅም ዘመን ያገለገለ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ የሚወጣበት በርም ነበረው። በ2014 ዓ.ም. እነዚህ አዋጆች በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል፤ ስለዚህ ለመውጣት የሚያስብ ሰው በወሬ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሚመለከተው የጡረታ መሥሪያ ቤት ሄዶ የራሱን ፋይል ማየት ይገባዋል።

የአበሉ ስሌት በ2003ቱ አዋጅ እንዲህ ነበር፦ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ለምሳሌ ሠላሳ ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሰው፣ 30 በመቶ ሲደመር ሃያ ጊዜ 1.25 በመቶ፣ በጠቅላላው 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 11,000 ብር ያገኛል። ቀደም ብሎ የወጣ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ ስለሚያጥር ድርሻውም በዚያው ልክ ያንሳል። ይህን ሳያሰላ «ደከመኝ» ብሎ የሚወጣ ሰው በኋላ ይጸጸታል።

ሁለተኛው ነገር ምንዛሪ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከላይ በምሳሌ ያየነው 11,000 ብር በፊት 190 ዶላር ይሆን የነበረው፣ ወደ 110 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ ማለት ነው። አጎቴ ለአንድ ዓመት ጉዞ ብለው ያጠራቀሙት ገንዘብ በአንድ ክረምት ለስድስት ወር እንኳ የማይበቃ ሆነ። ማሌዥያና ኢስታንቡል ከዕቅዱ ተሰረዙ።

ታዲያ ረጋ ያለ ጉዞ ለድሃ የሚያዋጣበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። በአሥር ቀን አራት ከተማ የሚያይ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው በአውሮፕላን ትኬት፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ወር የሚቀመጥ ሰው ግን አንድ ጊዜ ትኬት ይቆርጣል፤ ቤት በወር ይከራያል፤ ከሰፈር ገበያ ገዝቶ በቤቱ ያበስላል፤ ወደ መስጂድ በእግሩ ይሄዳል። ወጪው በአገሩ ከሚያወጣው ብዙም ላይርቅ ይችላል። ሩቅ ከመሄድ ቅርብ መሄድም ይረዳል። በምሥራቅ በኩል ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ የሚያጓጉዘው የጅቡቲ ባቡር አለ። በደቡብ በኩል በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ፣ ከዚያም ወደ ሞምባሳና የጥንት የሙስሊሞች ከተማ ወደሆነችው ላሙ አቅጣጫ የሚወስድ የየብስ መንገድ አለ። ላሙ ጠባብ ጎዳናዎቿና የጥንት መስጂዶቿ ተጠብቀው ስለቆዩ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት።

ከመነሣት በፊት አራት ጥያቄዎች

ለጉዞ የሚያስብ ሙስሊም ቦርሳውን ከማዘጋጀቱ በፊት ራሱን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሐጅ አድርጌያለሁን? ካይሮና ኢስታንቡል ለወራት የሚያኖር ገንዘብ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሐጅ ግዴታ የሚሆንበት ሰው ነው። ብዙዎቹ ዑለሞች አቅሙ ያለው ሰው ሳይዘገይ እንዲፈጽመው ያስተምራሉ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ለማድረግ ቁርጥ ሐሳብ እስካለው ድረስ ማዘግየት ቢፈቀድለትም፣ ሞት ቀጠሮ እንደማይሰጥ ሁሉም ይስማማሉ። አጎቴና ባለቤታቸው በ2010 ዓ.ም. ሐጅ አድርገው ስለነበር ይህ ጥያቄ ቀልሎላቸዋል። ዑምራን በእርጋታ ለማድረግ ለሚሻ ደግሞ የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የዑምራ ቪዛን ቆይታ ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ከፍ ማድረጉ መልካም አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛ፣ የጉዞው ገንዘብ ንጹሕ ነውን? ለዓመታት የሚጠራቀም ገንዘብ በወለድ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ እንዳያድግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በአገራችን ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮም እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ዘካንም መርሳት የለብንም። ለጉዞ የተቀመጠ ገንዘብ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶው የድሆች ነው። «ለጉዞ ነው ያስቀመጥኩት» የሚለው ምክንያት ዘካን አያስቀርም።

ሦስተኛ፣ ዕዳና አደራ አለብኝን? ዕዳ ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ይክፈል፤ ወይም አበዳሪውን ያስፈቅድ። ኑዛዜውን ይጻፍ። የጡረታ አበሉን የሚቀበልለት፣ የቤቱን ጉዳይ የሚከታተልለት ታማኝ ሰው በሕጋዊ ውክልና ይወክል። በእጁ ያለ የሰው ዕቃ ይመልስ። እነዚህ ሁሉ የጥንት ሑጃጆች ሳይፈጽሙ የማይነሡባቸው ነገሮች ናቸው፤ ለእነርሱ መንገድ መሄድ ከመሞት ብዙም አይለይም ነበርና።

አራተኛና ከሁሉም የከበደው፣ በእኔ ላይ መብት ያላቸውን ሰዎች ለማን ትቼ ነው የምሄደው? ሚስት፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች፣ አረጋውያን ወላጆች መብት አላቸው። የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች ችላ ማለት ለሰው ኃጢአት ሆኖ እንደሚበቃው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ከእርሳቸው ጋር ለጂሃድ ለመውጣት የመጣውን ሰው እንኳ ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ሲሰሙ እነርሱን በማገልገል እንዲታገል መልሰውታል። ለጂሃድ ይህ ከሆነ ለሽርሽርማ እንዴት ይሆን?

ለወር የተቀመጠ ሰው መንገደኛ ነውን?

ረጋ ብለው የሚጓዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ የፊቅህ ጉዳይ አለ። ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ «ሙሳፊር ነኝ» ብሎ ባለአራት ረከዓ ሰላቶችን ሁለት ሁለት እያደረገ ወራትን የሚያሳልፍ ከሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። በሐነፊይ መዝሀብ በአንድ ቦታ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለመቀመጥ የወሰነ ሰው ሙቂም፣ ማለትም ነዋሪ ነው፤ ሰላቱን ሙሉ ይሰግዳል። በሻፊዒይና በማሊኪይ መዝሀብ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር፣ ለአራት ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው ሙሉ ይሰግዳል። በሐንበሊይም ከአራት ቀን በላይ የሚቀመጥ እንዲሁ ነው። በአገራችን የሐነፊይም የሻፊዒይም መዝሀብ ተከታዮች ስላሉ እያንዳንዱ የራሱን ዓሊም ይጠይቅ።

ከዚህ ሕግ ውስጥ ደስ የሚል ትምህርት እናገኛለን። ሸሪዓው በአንድ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚቀመጠውን ሰው እንደ መንገደኛ አላየውም። በአንድ ከተማ ወር የተቀመጠ ሰው የዚያች ከተማ ሰው ሆኗል። እንግዲህ የሰላቷ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቷም፣ የሕመምተኛዋም፣ የጀናዛዋም ሐቅ አለበት። ለመንገደኛ የተሰጠው ማቅለል ቢቀርበት፣ የነዋሪ ወንድማማችነት ይተካለታል።

በሌላ በኩል ጉዞ የሥቃይ ክፍል እንደሆነና፣ ጉዳዩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤተሰቡ ቶሎ እንዲመለስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። ይህ ምክር ረጋ ያለ ጉዞን ይከለክላልን? ዑለሞች እንደሚያስረዱት ምክሩ የሚያተኩረው ጉዳዩን ጨርሶ ያለ ምክንያት በሚዘገይና ቤተሰቡን በሚያስናፍቅ ሰው ላይ ነው። ዒልም ለመማር፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ በቁርኣን እንደታዘዝነው በምድር ላይ ተጉዞ ያለፉ ሕዝቦችን ታሪክ ለማስተንተን የሚሄድ ሰው ጉዳይ አለው። ጉዳይ የሌለው ጉዞ ግን፣ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ጊዜ መግደል ነው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው «ምን ጉዳይ አለኝ?» ብሎ ይጻፍ፤ ያ ጉዳይ ሲያልቅም ይመለስ።

ምድር አትሸሽም

ወደ አጎቴ ልመለስ። በዚያ ዕለት ከመስጂድ ሲመለሱ ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። አንድ የሚያውቋቸውን ሸይኽ ሄደው ጠየቁ። ሸይኹም፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባለጉዳይዋ እቤትህ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቃቸው» አሏቸው።

ጥያቄው የተነሣው ቤት ከፈረሰ በኋላ፣ በኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው። እኔም ነበርኩ። አያቴ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ምድር አትሸሽም። ግብጽም ነገ እዚያው ናት። እኔ ግን እሸሻለሁ» አሉ።

ማንም አልተናገረም። አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። አያቴ ግን አልጨረሱም ነበር። «እኔም እኮ ከሰፈሬ ወጥቼ ከዚህ ፎቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎረቤት የለኝ፣ የማውቀው አዛን የለኝ። ለማየት ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይዘኸኝ ሂድ» አሉ።

በ2017 ዓ.ም. በበጋው አጎቴ እናታቸውንና ባለቤታቸውን ይዘው በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያም ሐረር ሄዱ። በጁገል ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ግቢ ክፍል ተከራይተው አንድ ወር ሙሉ ተቀመጡ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባው ግንብ፣ በየአቅጣጫው ያሉት በሮች፣ በየመንደሩ ያሉት መስጂዶችና አዋቾች ለአያቴ ፎቶግራፍ የሚነሣባቸው አልነበሩም፤ በየቀኑ የሚያልፉባቸው ሆኑ። በሁለተኛው ሳምንት የሰፈሩ ሴቶች ቡና ላይ ይጠሯቸው ጀመር። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ጎረቤት ስትወልድ አያቴ ከጠያቂዎቹ ጋር ሄዱ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ያጡትን ጉርብትና በሰው ከተማ በሃያ ቀን አገኙት። ሲመለሱም በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማያውቋቸውን ጎረቤቶች በር እያንኳኩ ሰላም ይሉ ጀመር። አጎቴ «ሐረር ሄደን የተማርነው ኮንዶሚኒየም መኖርን ነው» እያሉ ይስቃሉ።

ከረመዳን በኋላ አያቴ ራሳቸው፣ «አሁን ሂዱ። ሁለት ወር ብቻ። ልጅቷ አለች፣ እኔን ትይዘኛለች» አሉ። አክስቴ መጥታ ከእርሳቸው ጋር ተቀመጠች። አጎቴና ባለቤታቸው ወደ ካይሮ ሄዱ። ጉዳያቸውን በወረቀት ጽፈው ነበር፦ ቁርኣን ንባባቸውን በአንድ ሸይኽ ፊት ማቅናት፣ ዐረብኛ መጀመር፣ የሪዋቅ አል-ጀበርትን ታሪክ ማወቅ። እ.ኤ.አ. በ972 የተጠናቀቀው የአል-አዝሀር መስጂድ ግቢ ውስጥ ከዐስር እስከ መግሪብ ተቀምጠው ቁርኣን ቀሩ። «እነዚያ ደረሳዎች ስንቅ ሲያልቅባቸው፣ ከአገር ወሬ ሲጠፋባቸው እንዴት ቻሉት? እኛ በየማታው በስልክ የእማማን ድምፅ እንሰማለን» ብለው ነገሩኝ።

ዕቅዳቸውን ሁሉ አልፈጸሙም። ዐረብኛው ከፊደልና ከሰላምታ ብዙም አላለፈም። ባለቤታቸው ለአንድ ሳምንት ታመው የመድኃኒት ወጪ አስወጥቷቸዋል። ገንዘቡም በስምንተኛው ሳምንት አለቀ። ነገር ግን በተባለው ቀን ተመለሱ። እኔ ከአውሮፕላን ጣቢያ ልቀበላቸው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ቀጣዩ የት ነው?» ብላቸው፣ «እማማ የፈቀዱበት» አሉኝ።

ለወጣቶች አንድ ቃል

እናንተ ወጣቶች ይህን ስታነቡ «ለእኛ ጡረታ ሩቅ ነው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከአምስት ነገሮች በፊት አምስቱን እንድንጠቀምባቸው ተመክረናል፦ ከእርጅና በፊት ወጣትነትን፣ ከሕመም በፊት ጤናን፣ ከድህነት በፊት ሀብትን፣ ከሥራ ብዛት በፊት ትርፍ ጊዜን፣ ከሞት በፊት ሕይወትን። በ55 ዓመት ዐረብኛ መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ አጎቴን ጠይቁ። ቋንቋውን ዛሬ በሰፈራችሁ መስጂድ ተማሩት። ቁጠባውን ዛሬ በሐላል መንገድ ጀምሩት። በአገራችሁ ያለውን ሐረርን፣ ነጃሺን፣ ድሬ ሼኽ ሑሴንን፣ የወሎን መድረሳዎች በእረፍት ጊዜያችሁ ሄዳችሁ ጥቂት ቀን ተቀመጡባቸው። ቀደም ብሎ ከሥራ መገላገልን ብቻ የሕይወት ግብ አታድርጉት፤ ሥራ ለሙስሊም ዒባዳ ሊሆን ይችላልና፣ ከእርሱ የሚሸሽ ሳይሆን ወደ ሌላ መልካም ነገር የሚሄድ ሰው ነው የሚጠቀመው።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ለመሄድ ሲጠይቋችሁ ሁልጊዜ «አይሆንም» አትበሉ። አያቴ የከለከሉት ጉዞውን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነበር። ልጅም ፈቃድ ሲጠይቅ ለይስሙላ አይሁን፤ መልሱ «ቆይ» ሊሆን እንደሚችል አምኖ ይጠይቅ።

አያቴ ዛሬም አልሐምዱሊላህ አሉ። ጁሙዓ ጁሙዓ አጎቴ ከሩቁ ሰፈር ሁለት ታክሲ ቀይረው ወደ በኒ መስጂድ ይመጣሉ። በደጃፉ ከጓደኞቻቸው ጋር ቆመው ይጨዋወታሉ። ያ «እናትህስ?» ያሉት ሽማግሌ አሁንም እዚያው ናቸው። ሰላምታ ሲለዋወጡ ሁልጊዜ የሚጠይቋቸው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ አሁን ግን አጎቴ ሲመልሱ ፊታቸው ይፈካል።

አላህ ጉዟችንን የኸይር፣ መመለሻችንን የሰላም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።